ያገለገለ ራም እንዴት ይመረመራል?

ከኮምፒውተር አካላት ሁሉ እንደ ራም በእምነት የሚገዛ የለም። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ሲያረጅ አይጮህም፣ አይንኳኳም። ስለዚህ አንድ ላፕቶፕ ስክሪኑ ተሰብሮ ወይም ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን መጀመሪያ ተነቅሎ የሚወጣው ራሙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከማሽን ማሽን እየዞረ ለዓመታት ይሸጣል። ገዢውም ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ጊጋ ነው? ዋጋውስ?

የታመመ ራም ግን ሕመሙን በራሱ ስም አይናገርም። ዊንዶውስ ሲጫን መሃል ላይ ይቋረጣል። ትናንት በደህና የተከፈተ ዚፕ ፋይል ዛሬ «ተበላሽቷል» ይላል። ብሮውዘሩ ያለ ምክንያት ይዘጋል፣ ሰማያዊው ስክሪን በመጣ ቁጥር ሌላ የስህተት ስም ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፤ አልሻል ሲለው ሃርድ ዲስኩን ያስቀይራል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ወደ ራሙ የሚያየው የስህተቱ ስም መለዋወጡን ሲሰማ ነው። የፕሮግራም ችግር አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ይወድቃል። የራም ችግር ግን በተበላሸው ስፍራ ላይ በዚያች ሰዓት የተቀመጠውን ማንኛውንም ነገር ይመታል፤ ዛሬ ፎቶ፣ ነገ የዊንዶውስን ዋና ፋይል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ማንም የማያስተውለውን ባዶ ቦታ።

ራም ውስጥ እያንዳንዱ ቢት አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር አለው፤ ይህ ጥንድ ሴል ይባላል። ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ከያዘ አንድ፣ ካልያዘ ዜሮ ተብሎ ይነበባል። ይህን አሠራር የፈለሰፈው በአሜሪካው አይቢኤም ይሠራ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ሲሆን ፓተንቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንቴል 1103 የተባለውን ቺፕ ለገበያ አቀረበ፤ ሴሉ ገና ባለ ሦስት ትራንዚስተር ነበር፣ የሚይዘውም 1,024 ቢት ብቻ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው 8 ጊጋባይት ራም ከ68 ቢሊዮን በላይ ሴሎች አሉት።

አንዱ ሴል የሚይዘው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖችን ነው፤ ይህም እጅግ ጥቂት ነው፣ እንደሚያፈስ እንስራም ሳይነኩት ይጎድላል። ስለዚህ በዲዲአር3ም ሆነ በዲዲአር4 ትውልድ ራም ላይ ሴል ሁሉ ቢበዛ በየ64 ሚሊሰከንዱ ተነብቦ እንደገና ይሞላል። የቺፑ ሙቀት ከ85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ማፍሰሱ ስለሚፈጥን ጊዜው በግማሽ ያጥራል። የራም ጤንነት ማለት እንግዲህ ከእነዚያ 68 ቢሊዮን ሴሎች ውስጥ አንድም ሳይቀር የተሰጠውን እስከሚቀጥለው ሙሌት ድረስ ይዞ መቆየቱ ነው። ፋብሪካው ይህን ሲያረጋግጥ የሚወድቁት ሴሎች ጥቂት አይደሉም፤ በየቺፑ ላይ ትርፍ ረድፎችና ዓምዶች የሚሠሩትም ደካማዎቹን ከመነሻው ለመተካት ነው። ደካማው ሁሉ ግን በፋብሪካ አይያዝም።

ሴል የያዘውን የሚያጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ድንገተኛ ነው፦ ሴሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከውጭ የመጣ ቅንጣት መትቶት ቢቱ ይገለበጣል፤ እንደገና ሲጻፍበት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል። የኢንቴል ተመራማሪዎቹ ቲሞቲ ሜይና መሪ ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ በዚያን ጊዜ ዋናው ምክንያት ቺፑ ከታሸገበት ሴራሚክ የሚወጣ የአልፋ ጨረር ነበር፤ በማሸጊያው ውስጥ እጅግ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነበረበት። ማሸጊያው ሲጠራ ይህ ቀነሰ፤ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ግን አለ። እሱ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። በዚህ ስሌት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ክፉኛ የምትጎዳ ትመስላለች፤ ነገር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ብዙውን ጨረር ይመልስላታል። አዲስ አበባ ላይ የተበላሸን ኮምፒውተር ከፍታውን ምክንያት አድርጎ ማለፍ አያስኬድም።

የድንገተኛው ዓይነት ስህተት እንዴት እንደሚመስል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በቤልጅየም፣ በብራስልስ ከተማ ስካርቤክ በተባለው ክፍል የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 በተካሄደው ምርጫ ድምፅ የሚሰጠውም የሚቆጠረውም በኮምፒውተር ነበር። ውጤት ሲታይ አንዲት ዕጩ ያገኙት ድምፅ ሊያገኙ ከሚችሉት በላይ ሆኖ ተገኘ። ቆጠራው ሲደገም ልዩነቱ ልክ 4,096 ሆነ። ይህ ቁጥር ሁለት በራሱ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ከአንድ ቢት ከዜሮ ወደ አንድ መቀየር ጋር ይገጥማል። ማሽኑ ደጋግሞ ቢፈተሽም ስህተቱ አልተመለሰም፤ መርማሪዎቹም አንድ ቢት በራሱ ተገልብጧል ከማለት የተሻለ ማብራሪያ አላገኙም። ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ፍተሻ መድኃኒት አይሆንም፤ ሲፈለግ ሄዷልና።

ያገለገለ ራም የሚገዛን ሰው የሚያሳስበው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ሴሉ፣ መስመሩ ወይም መገናኛው ራሱ ታሞ በየጊዜው የሚደጋገመው። ለረጅም ጊዜ አብዛኛው የራም ስህተት ድንገተኛው እንደሆነ ይታመን ነበር። ቢያንካ ሽሮደርና ሁለት የጉግል ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን እምነት ገለበጠው። በጉግል ሰርቨሮች ላይ ለሁለት ዓመት ተኩል የተመዘገበውን ስህተት ሲያጠኑ በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ራሞች ቢያንስ አንድ ጊዜ ስህተት አሳይተው ነበር፤ አብዛኛውም የቋሚ ብልሽት ጠባይ ነበረው። አንድ ጊዜ የሳተ ራም እንደገና የመሳት ዕድሉ ካልሳተው እጅግ የበለጠ ነበር፤ ከዕድሜ ጋርም ስህተቱ ይጨምር ነበር። በዚህ ጥናት መሠረት ራም አያረጅም የሚባለው ስህተት ነው። ደግነቱ ቋሚ ብልሽት ተደጋጋሚ ስለሆነ በፍተሻ ይያዛል።

የፍተሻው መጀመሪያ ዓይን ነው። በአንድ የዴስክቶፕ ራም ላይ የተለጠፈው ወረቀት «8ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400» ይላል እንበል። ፒሲ4 ማለት ዲዲአር4 ነው፤ 2400 ፍጥነቱ ነው። መሃል ያለውን «1አርኤክስ8» ግን ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። እያንዳንዱ ቺፕ በአንድ ጊዜ 8 ቢት ይሰጣል፣ ቺፖቹም አንድ ምድብ ናቸው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከራሙ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 64 ቢት ስለሆነ በሰሌዳው ላይ መቆጠር ያለባቸው ቺፖች 8 ናቸው። 16 ቺፕ ከታየ ወረቀቱ ከሌላ ራም ተነቅሎ የተለጠፈ ነው። 9 ከሆነ ደግሞ ስህተት የሚያርም የሰርቨር ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን። ቺፖቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ጽሑፍ ካለው፣ ወይም በአንዱ ዙሪያ የብየዳ ፍላክስ ቅሪት ከታየ፣ ያ ራም በእጅ ተጠግኗል።

ከሰሌዳው ግርጌ የተደረደሩት ፒኖች በወርቅ የተለበጡ ናቸው፤ በዴስክቶፕ ዲዲአር3 ላይ 240፣ በዲዲአር4 ላይ 288። ብዙ «የተበላሸ» ራም የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አቧራ፣ የጣት ቅባት፣ ወይም ወርቁ ተፍቆ ከሥሩ ያለው ብረት ዝጎ። በጥገና ሱቆች የተለመደው መፍትሔ ላጲስ ነው፤ ፒኖቹን በላጲስ አሸት አሸት አድርጎ መልሶ መሰካት። ይሠራል፣ ነገር ግን ላጲስ ቀጭኑን ወርቅ ይፍቃል፣ ፍርፋሪውም ስሎቱ ውስጥ ይቀራል። በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ፣ ጭረት በማይተው ጨርቅ መጥረግ የተሻለ ነው። ላጲስ የግድ ከሆነ ለስላሳው ነጭ ይሁን፣ ከዚያም በአልኮል ይጠረግ። ስሎቱም መነፋት አለበት፤ በአፍ ሳይሆን በአየር መንፊያ፣ ምክንያቱም ትንፋሽ እርጥበት አለው።

የእጅ አያያዝም ነገር አለው። በበጋ ደረቅ አየር ላይ ሹራብ የለበሰ ሰው ብረት ሲነካ የሚሰማው ትንሽ ንዝረት 3,000 ቮልት ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለው ለሰው አይሰማም፤ ቺፕ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰው ሊጎዳ ይችላል፣ ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ራም በጠርዙ ይያዛል፤ ከመነካቱ በፊት የኮምፒውተሩ የብረት ቀፎ ይነካል፤ ኃይል ተነቅሎ እንጂ ተሰክቶ አይገባም፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ጭምር ይነቀላል። ራሞችን በላስቲክ ጠቅልሎ ወይም እርስ በርስ ደራርቦ በካርቶን ማስቀመጥ፣ ምንም የተለመደ ቢሆን፣ ዕቃን ማበላሸት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ራሙ ስለ ራሱ የሚለውን መስማት ነው። በሰሌዳው ላይ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች፤ የራሙን መጠን፣ ፍጥነት፣ አምራች፣ መለያ ቁጥርና የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ትይዛለች። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮሱ የሚያነበው እሷን ነው። በዊንዶውስ ላይ ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ ያሳያል። መረጃው ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት፤ በተለይ የተሠራበት ሳምንት። ይህም ቢሆን ሙሉ ማስረጃ አይደለም፤ በዚህች ቺፕ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቀየር ስለሚቻል አጭበርባሪ የቀርፋፋውን ራም ፍጥነት ከፍ አድርጎ ይጽፍበታል። እንዲህ ያለው ራም ይነሳል፣ መጠኑንም በትክክል ያሳያል፤ የሚወድቀው ሥራ ሲበዛበት ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ የታወቀ ወጥመድ አለ፦ «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ የዴስክቶፕ ዲዲአር3። ለሰርቨር በተሠሩ ባለ 4 ቢት ቺፖች የተገጣጠመ ሲሆን በኢንቴል ማሽን ላይ አይነሳም። አልተበላሸም፣ ዓይነቱ ነው፤ ለገዢው ግን ልዩነት የለውም።

ዋናው ፍተሻ የሚደረገው በፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የራሱ የራም መመርመሪያ አለው፤ ከቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣል፣ ግልጽ ብልሽትንም ይይዛል። ባለሙያዎች የሚመርጡት ግን ሜምቴስት የሚባለውን ቤተሰብ ነው። መነሻው ክሪስ ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራው ሜምቴስት86 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከእሱ ሜምቴስት86 ፕላስ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያውን ፓስማርክ የተባለ ኩባንያ ተረከበው፤ ፕላሱ ግን እስከ ዛሬ ኮዱ ክፍት የሆነ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም በፍላሽ ላይ ተጭነው ኮምፒውተሩ ያለ ዊንዶውስ በእነሱ ይነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ የያዘውን ራም ሌላ ፕሮግራም ሊጽፍበት ስለማይችል ያ ክፍል ሳይፈተሽ ይቀራል። ሜምቴስት ግን የተቀመጠበትን ቦታ እንኳ ሳይምር፣ ራሱን ወደ ሌላ አድራሻ እያዛወረ የነበረበትንም ይፈትሻል።

ፍተሻው ሲጀምር በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይታያል፤ ከላይ የፕሮሰሰሩ ዓይነትና የራሙ ፍጥነት፣ ቀጥሎ የሚሄደው የፍተሻ ቁጥርና መቶኛ። ለረጅም ጊዜ ምንም የሚሆን ነገር የለም። ከዚያ አንድ ቀይ መስመር ብቅ ይላል፦ አድራሻ፣ የተጠበቀው 00000000፣ የተገኘው 00000400። ይህች መስመር ብዙ ትናገራለች። በአሥራ ስድስት መደብ ቁጥር 400 ማለት ከ32ቱ ቢቶች አንዷ ብቻ፣ ከዜሮ ሲቆጠር አሥረኛዋ፣ ዜሮ መሆን ሲገባት አንድ ሆናለች ማለት ነው። ከ0 እስከ 7 ያሉት ቢቶች ከአንዱ ቺፕ፣ ከ8 እስከ 15 ያሉት ከሌላው ስለሚመጡ ጥፋቱ በአንድ ቺፕ ላይ ተወስኗል። በሚቀጥለው ዙር እዚያው አድራሻ ላይ ያችው ቢት እንደገና ከሳተች ሴሏ ታማለች። አድራሻው እየተለዋወጠ ቢቷ ግን ያችው ከሆነች ሴል ሳይሆን መስመር ይጠረጠራል፤ ብዙውን ጊዜም ያልጸዳ ፒን። ስህተቱ በሺህ የሚቆጠር፣ ቢቱም አድራሻውም የተደበላለቀ ከሆነ ራሙን ከመወንጀል በፊት ፍጥነቱን፣ ቮልቴጁን፣ ስሎቱንና ፓወር ሰፕላዩን ማየት ይገባል።

ፕሮግራሙ የሚያደርገው መጻፍና ማንበብ ብቻ ነው፤ ጥበቡ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሁሉንም በዜሮ ሞልቶ ዜሮ መሆኑን ማየት፣ ከዚያ በአንድ ሞልቶ ማየት፣ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ የቀረን ሴል ይይዛል። ነገር ግን አንዱን ሴል ሲጽፉበት ጎረቤቱ የሚቀየርበት፣ ወይም ሁለት አድራሻዎች ሳይታወቅ ወደ አንድ ሴል የሚመሩበት ብልሽት በዚህ ያመልጣል። ለዚህ ማርች የሚባሉት ፍተሻዎች ተቀመሩ። ከእነሱ በጣም የሚታወቀው ማርች ሲ ማይነስ ሲሆን ከመጀመሪያው አድራሻ ወደ መጨረሻው እየወጣ፣ እንደገናም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየወረደ፣ በየሴሉ ላይ የነበረውን አንብቦ ተቃራኒውን ይጽፋል። በአንድ ሴል ላይ በጠቅላላው አሥር ጊዜ ይሠራል። አንድ ሴል ጎረቤቱን የሚነካ ከሆነ፣ ወደ ላይ ሲኬድ ያመለጠው ወደ ታች ሲኬድ ይጋለጣል።

ሁሉንም መፈተሽ ግን አይቻልም። እያንዳንዱ ሴል በሌላው በእያንዳንዱ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አንድ በአንድ ይታይ ቢባል፣ በ8 ጊጋባይት ራም ላይ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጥንድ እየተፈተሸ እንኳ 150 ሺህ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ማንኛውም ፍተሻ ምርጫ ነው፤ በብዛት የሚደርሱትን ብልሽቶች በሚቻል ጊዜ ውስጥ ለመያዝ የተደረገ ምርጫ። ቀይ መስመር ከወጣ ችግር መኖሩ ተረጋግጧል። ካልወጣ ደግሞ ጥርጣሬው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሻጩ «ሜምቴስት አልፏል» ሲል ለስንት ሰዓት፣ ስንት ዙር ተብሎ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ከፍተሻዎቹ መካከል ሁለቱ ለብቻቸው መነሳት አለባቸው። አንደኛው ራሙን ሞልቶ ለደቂቃዎች ዝም ብሎ ይጠብቅና ከዚያ ያነባል፤ የያዘውን የሚያፈስ ሴል የሚያዘው በዚህ ነው። ሁለተኛው ሮውሃመር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና የኢንቴል ተመራማሪዎች አንድን ረድፍ በፍጥነት ደጋግሞ መክፈት በአጠገቡ ባለው ረድፍ ላይ ያሉ ቢቶችን እንደሚገለብጥ አሳዩ። ከሞከሯቸው 129 የዲዲአር3 ራሞች 110ሩ በዚህ ተሸንፈዋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ራም በዚህ ፍተሻ ብቻ ስህተት ቢያሳይ ተበላሽቷል ማለት ያስቸግራል፤ አዲስ ሆኖም ያሳይ ነበር። ለቤትና ለቢሮ ሥራ ሊያገለግል ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚጋራው ሰርቨር ላይ ግን ባይገባ ይመረጣል፣ ይህ ድክመት ለጠላፊ መግቢያ ስለሆነ።

ስንት ሰዓት ይፈተሽ? የ8 ጊጋባይት አንድ ሙሉ ዙር እንደ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አንድ ዙር አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ አስቸጋሪ ጠባይ አለ፤ አንዳንድ ሴል የማፍሰስ ፍጥነቱ በራሱ ጊዜ ይለዋወጣል፣ ለሰዓታት ደህና ሆኖ ቆይቶ ድንገት ደካማ ይሆናል። ጠዋት ያለፈ ራም ማታ የሚወድቀው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ሙቀትም ወሳኝ ነው። ቀፎው ተከፍቶ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተፈተሸ ራም፣ ላፕቶፕ ውስጥ ታፍኖ ሲሞቅ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው ቀፎው ተዘግቶ፣ ማሽኑ ከሞቀ በኋላ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢሄድ ይመረጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ በዴስክቶፕ ላይ ያስቸግራል፤ ፍተሻው ሲቋረጥ ከመጀመሪያው ይጀመራል እንጂ ካቆመበት አይቀጥልም። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ያለው ማሽን ለዚህ ሥራ ይመረጣል።

ራሞች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ ኮምፒውተሩ አድራሻውን በሁለቱ መካከል እያፈራረቀ ስለሚያከፋፍለው ከቀዩ መስመር የትኛው እንደሳተ መለየት አይቻልም። አንዱ ተነቅሎ ሌላው ለብቻው ይፈተሻል፤ የሳተው ወደ ሌላ ስሎት ይዛወራል። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። ስሎቱ ላይ ከቀረ የማዘርቦርዱ ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያ ነው። መንቀሉና መሰካቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ተሰልችቶ በሚዘለልበት ጊዜ ግን ጤነኛ ራም ተጥሎ የታመመ ማዘርቦርድ ይቀራል። ለጨዋታ የተሠሩ ራሞች ላይ ደግሞ አስቀድሞ በባዮስ ውስጥ የፍጥነት መጨመሪያው መጥፋት አለበት። በመደበኛ ፍጥነቱና በ1.2 ቮልት ንጹሕ ሆኖ በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚስት ዲዲአር4 ቀርፋፋ ሆኖ ይሠራል፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት።

ከዳታ ሴንተሮች ተነቅሎ በርካሽ የሚመጣው የሰርቨር ራም ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየ64 ቢቱ 8 ተጨማሪ ቢት ይይዛል። ሪቻርድ ሃሚንግ በቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ሐሳብ ላይ በተመሠረተ ስሌት አንድ ቢት ሲሳሳት ያርመዋል፣ ሁለት ሲሳሳቱ ይናገራል። ለሥራ ጥሩ ነው፤ ለመርማሪ ግን መሸፈኛ ይሆናል፣ ምክንያቱም ራሙ እየሳተ ሜምቴስት ትክክለኛውን ስለሚያነብ ቀይ መስመር ላይወጣ ይችላል። መታየት ያለበት የሰርቨሩ የስህተት መዝገብ ነው፤ በሊነክስ ላይ ከርነሉ የታረመውን ሁሉ ይቆጥራል። በአንድ ሌሊት በደርዘን የታረመ ስህተት ያለው ራም «ይሠራል» ቢባልም መገዛት የለበትም። ዲዲአር5 ይህን መሸፈኛ ወደ ተራው ራምም አምጥቶታል፤ እያንዳንዱ ቺፕ በውስጡ አንዳንድ ስህተት ራሱ አርሞ ነው የሚያወጣው፣ ለተጠቃሚውም አይነግርም። ብዙው የሰርቨር ራም በተራ ዴስክቶፕ ላይ እንደማይነሳም መታወቅ አለበት፤ ስሎቱ ውስጥ ይገባል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

የሳተ ራም ምን ይደረጋል? የሰርቨር ባዮሶች ከዲዲአር4 ጀምሮ የታመመን ረድፍ በቺፑ ውስጥ ባለ ትርፍ ረድፍ ለዘለቄታው መተካት ይችላሉ፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ይህ ዕድል እምብዛም አይገኝም። ሊነክስንም ዊንዶውስንም የታወቀ መጥፎ አድራሻን እንዳይጠቀሙበት ማዘዝ ይቻላል። ባለቤቱ የሚያውቀው አንድ መጥፎ ሴል ያለበት ራም ለፊልም ማያ በተተወ አሮጌ ማሽን ላይ እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። የሒሳብ ሰነድ፣ የሠርግ ቪዲዮ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ባለበት ማሽን ላይ ግን አይሆንም፤ የተገለበጠ ቢት በራም ውስጥ አይቀርም፣ ሴቭ ሲደረግ ወደ ዲስኩ ይገባል፣ ከዲስኩም ወደ መጠባበቂያ ቅጂው።

እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ራም በብዛት በመግዛታቸው የአዲሱ ዋጋ ተሰቅሏል። ከሦስቱ ታላላቅ አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮንም በዚያው ዓመት ክሩሻል በሚለው ስሙ ለተራ ገዢ መሸጥ እንደሚያቆም አስታውቋል። ያገለገለው ገበያ ከዚህ በኋላ ይሰፋል፣ የተጣለው ሁሉ እየተለቀመ ይመለሳል። ገዢ ራም ሲገዛ ቢያንስ ሦስት ቀን መመለሻ ይዋዋል፣ በመጀመሪያው ሌሊት ሜምቴስት ላይ ይጣለው፣ አንድም ቀይ መስመር ካየ አጽድቶና ስሎት ቀይሮ ይድገመው፤ ያኔም ከሳተ ይመልሰው። መመለሻ የማይሰጥ ሻጭ የሚሸጠው ያልተፈተሸ ራም ስለሆነ የተፈተሸ ዋጋ አይከፈልበት።